«ርካሽ» የተባለው ወጪ ስንት ያስወጣል? ለጅማ ቡና ላኪዎች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የቡና ነጋዴዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የጅማ ቡና ድርጅቶች በዓለም ገበያ ያላደጉት ወጪያቸው ስለበዛ ነው። ስለዚህ እሸቱን በአንድ ዙር ሸምጥጠው ይልቀሙ፣ የማድረቂያ አልጋውን ትተው ሸራ ያንጥፉ፣ በመጋዘን የሚለቅሙትን ሴቶች በማሽን ይተኩ፣ ርካሽ ጆንያና ርካሽ መኪና ይፈልጉ፣ ገዢ ለመሳብ ከሌላው በታች ይሽጡ፣ በመጨረሻም እንደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ አገር ቅርንጫፍ ይክፈቱ። የገበሬውን ማሳ በካርታ መመዝገብን ደግሞ ጸሐፊው «ፈረንጅ የጫነብን ወጪ» ይሉታል።

ጸሐፊው የተነሡበት ቁጭት የእኛም ነው። «ጅማ 5» የሚለው ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው ለቅይጥ በሚገዛ ርካሽ ቡና ነው፤ ይህ ደግሞ ቡና ከተገኘበት አካባቢ ለሚወጣ ምርት የሚገባ ስም አይደለም። ምክራቸው ግን ያንን ስም ይብስ ያጸናዋል። ስህተቱ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ ወጪን የሚለኩት ከኪስ በወጣው ብር ነው። ቡና ላይ ወጪ የሚለካው በኪሎ ነው፤ ያውም ገዢው ናሙናውን ቀምሶ በተቀበለው ኪሎ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በእጁ ያለውን የዘንድሮ ዋጋ ተክቶ ይሥራቸው።

ጽሑፉ የሚጀምረው ከለቀማ ነው። «አንዱን ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ ጉልበት ማባከን ነው፤ አብዛኛው ሲቀላ በአንዴ ሸምጥጦ መጨረስ ይሻላል» ይላል። እስቲ እናስላው። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የበሰለ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። እሸቱ በኪሎ 100 ብር ቢገዛ፣ በአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ውስጥ ያለው የእሸት ወጪ ብቻ 600 ብር ነው። 1,000 ኪሎ ቀይ እሸት ወደ 166 ኪሎ ጥሬ ቡና ይሰጣል። ተሸምጥጦ ከመጣው 1,000 ኪሎ ውስጥ 150 ኪሎው አረንጓዴ ወይም ዛፍ ላይ የደረቀ ከሆነ ግን ለደረጃ የሚበቃው 850 ኪሎ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም 141 ኪሎ ገደማ ነው። 25 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው፤ በእሸት ወጪ ሲሰላ 15,000 ብር። ተለይቶ የወጣው ከደረጃ በታች (ሪጀክት) ተብሎ ተሸጦ ግማሹን ዋጋ መለሰ ብንል እንኳ 7,500 ብር ይጎድላል። በለቀማው የተረፈውስ ስንት ነው? ለለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ 3 ብር ቢቀንስ 3,000 ብር።

ይህ ሁሉ ያልበሰለው ተለይቶ ከወጣ ነው። ሳይለይ እሸቱን ወደሚፈለፍለው ማሽን፣ ወደ ፐልፐር፣ ከገባ ጉዳቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ፐልፐሩ የሚስተካከለው ለለሰለሰ ቀይ እሸት ነው። ደረቁ አረንጓዴ ፍሬ ወይ ሳይፈለፈል ያልፋል፣ ወይ ከነቆዳው ይቆረጣል። የተቆረጠው ፍሬ በማብላያ ገንዳ ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ይበላሽና ሽታው በዙሪያው ላለው ይተርፋል። ሳይታጠብ በሚደርቀው ቡናም ቢሆን አረንጓዴው ፍሬ ሲቆላ ገርጥቶ ይቀራል፤ ሲጠጣ ገለባ ገለባ ይላል። በዚያ ላይ ቡና የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እጅን ከላይ ወደ ታች እየሳቡ መሸምጠጥ ቅጠሉንና እንቡጡን አብሮ ያወርዳል፤ የዘንድሮ ቁጠባ የከርሞውን ምርት ይበላል።

የለቀማ ወጪ እንዲቀንስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዛፉን ይመልከት። በጎማና በመና ወረዳዎች ብዙ ማሳ ላይ ያረጀው ቡና ከሰው ቁመት በላይ ሄዷል፤ ለቃሚው ግማሽ ቀኑን የሚያጠፋው ቅርንጫፍ በማጎንበስ ነው። መፍትሔው ጉንደላ ነው። ለቀማ እንዳለቀ፣ በበጋው፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ውሃ እንዳይቋጥር አግድም ዘንበል ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራ 2 ወይም 3 ቡቃያ ብቻ ይቀራል። የተጎነደለው ዛፍ ሁለት ዓመት ያህል ምርት አይሰጥም፤ ስለዚህ ማሳውን በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ሩብ መጎንደል ነው። አዲስ የሚተከል ከሆነም ከሜልኮ የምርምር ማዕከል የወጡት እንደ 74110 እና 74112 ያሉት ዝርያዎች አጭርና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ የቡና ፍሬ በሽታንም ይቋቋማሉ። መነሻ ቁጥራቸው 74 የሆነው እናት ዛፎቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ይህን ያህል ሀብት ከተማው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ወጪ ቅነሳን ከለቃሚ ደመወዝ መጀመር ያሳዝናል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። እሸት ከማሳ የሚጓዘው በአብዛኛው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ፕላስቲኩ አየር አያስገባም፤ ጠዋት የተለቀመ እሸት በከረጢቱ ውስጥ ታጭቆ ማታ ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ እጅ ቢያስገቡበት ይሞቃል። ያ ሙቀት መብላላት የጀመረበት ምልክት ነው። ቅርጫትና የቃጫ ጆንያ ከዚህ ያድናሉ፤ ዋጋቸውም ከሚያድኑት ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ምክር «አልጋ መሥራት ቅንጦት ነው፤ አባቶቻችን መሬት ላይ ነው ያደረቁት» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ መሬት ላይ ነው ያደረቁት። ጅማ 5 አፈር አፈር ይላል የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሐረር ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። የጅማ ለቀማ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ዝናቡ ገና አልተሰናበተም። ሸራ ላይ የተሰጣ እሸት ከታች አየር አያገኝም። ቀን የተነነው እርጥበት ማታ ከሸራው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠዋት ሸራውን ገለጥ ያደረገ ሰው ከሥሩ ጤዛ ያያል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ ይታያል። ሻጋታው ጣዕም ብቻ አያጠፋም፤ ኦክራቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደው በኪሎ 3 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር። ከዚያ በላይ ከተገኘ ቡናው ለገበያ አይቀርብም።

የአልጋው ወጪ ቅንጦት መሆን አለመሆኑን ደግሞ ስሌቱ ይናገር። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ አልጋ 24 ካሬ ሜትር ይሰጣል። ስፋቱ ከዚህ ብዙ እንዳይበልጥ የሚደረገው ከሁለቱም ጎን ቆሞ በእጅ ለማገላበጥ ነው፤ ከፍታው ወገብ አካባቢ፣ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቢሆን ይበቃል። እሸት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሰጣ አንድ ካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ይይዛል፤ አልጋው በአንድ ዙር 480 ኪሎ ያህል ያነሣል ማለት ነው። አንድ ዙር ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ በአንድ የለቀማ ወቅት አራት ዙር ቢያደርቅ 1,920 ኪሎ እሸት፣ ማለትም 320 ኪሎ ጥሬ ቡና ያወጣል። አልጋው 15,000 ብር ቢፈጅና ሦስት ወቅት ቢያገለግል፣ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና የሚደርሰው ከ16 ብር በታች ነው። 600 ብር የወጣበትን ኪሎ ለማዳን 16 ብር።

አልጋ ሲሠራ ገንዘብ የሚጠፋው በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ የባሕር ዛፍ እግሩ በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚተከል ምስጥ በልቶት በሁለተኛው ዓመት ይወድቃል፤ እግሩን ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል። ሁለተኛ፣ አልጋ ስላነሰ እሸቱ 8 እና 10 ሳንቲ ሜትር ተቆልሎ ይሰጣል፤ ያኔ አልጋው ከመሬት አይሻልም፣ መሐሉ ይፈላል። ሦስተኛ፣ ማገላበጥ ይረሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ መንካት ያስፈልጋል፤ ቀትር ላይ መሸፈን፣ ማታም መሸፈን። ሲደርቅ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ጨብጠው ጆሮ አጠገብ ሲያንቀጫቅጩት ውስጡ ያለው ፍሬ ይንኳኳል። ይህ የቆየ መፈተሻ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ጆሮ 11.5 በመቶ እርጥበትንና 13 በመቶን አይለይም። አንድ የእርጥበት መለኪያ ለአንድ ጣቢያ የግድ ነው።

«አልጋና ጥንቃቄ ለጅማ አይመለስም» ለሚል ደግሞ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ አጋሮ አጠገብ ነው። በጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2012፣ በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። አካባቢው ቀድሞ ርካሽ ደረቅ ቡና የሚሸጥበት ነው። ዛፉ ያው ነበር፤ የተለወጠው ቀይ እሸት ብቻ መቀበሉ፣ ማጠቢያውና አልጋው ነው።

ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ያለፈው፣ ወጪ በእውነት የሚቀነስበት ቦታም እዚሁ ነው። የድሮው ማጠቢያ ጣቢያ ውሃ ይጨርሳል፤ ውሃ ለመግፋት ናፍጣ ይጨርሳል፤ ቆሻሻው ወንዝ ሲገባ ደግሞ ከቀበሌና ከታችኛው ነዋሪ ጋር ያጣላል። አጣባቂውን ፈሳሽ በማሽን የሚያላቅቀው ኢኮ ፐልፐር ከአንድ እስከ ሁለት ቀን የሚፈጀውን የማብላላት ጊዜ ያሳጥራል፣ የውሃውን ፍጆታም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የሚወጣውን ጥቂት ቆሻሻ ውሃ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ረግረግ ላይ ማሳለፍ በጅማ ዞን የተሞከረና የሠራ ዘዴ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፣ መለዋወጫውም ከውጭ ይመጣል፤ በቀን ጥቂት ኩንታል ብቻ ለሚሠራ ጣቢያ አይመከርም። በወቅቱ ሙሉ እሸት ለሚጎርፍለት ግን ናፍጣውና ጉልበቱ ብቻ ይመልሱታል።

ሦስተኛው፣ የማሽን ነገር። ጽሑፉ «አንድ ከለር ሶርተር የመቶ ለቃሚ ሥራ ይሠራል፤ ሴቶቹን ማሰናበት ነው» ይላል። ማሽኑን አንቃወምም። ግን ማሽኑ የሚያየው ቀለም ነው። ከመጠን በላይ የተብላላ ፍሬ መልኩ ደህና ሆኖ ውስጡ የሚገማ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ፍሬ ብቻውን አንድ ሲኒ ያበላሻል። ስንጥቅና ነቀዝ የበላውን ሁሉንም አያገኝም፤ ስሜቱን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ጤነኛውን አብሮ ይተፋል። የተተፋው ውስጥ ስንት ጤነኛ እንዳለ ሳይመዘን «ማሽኑ ቆጠበልን» ማለት አይቻልም። ከተተፋው ላይ 1 ኪሎ ናሙና ወስዶ ጤነኛውን በእጅ ለይቶ መመዘን በየፈረቃው መደረግ አለበት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ከመፈልፈያው በኋላ ወንፊት ይመጣል፤ ለውጭ በሚላክ ቡና ላይ በክብደት ቢያንስ 85 በመቶው ከ14 ቁጥር ወንፊት በላይ መቅረት አለበት። ቀጥሎ ቀላሉን ከከባዱ የሚለየው ጠረጴዛ፣ ከዚያ ከለር ሶርተሩ፣ በመጨረሻ የሰው ዓይን። ወንፊቱና ጠረጴዛው ሥራቸውን ሳይጨርሱ ከለር ሶርተር ላይ ማፍሰስ ማሽኑን ማነቅ ነው። ደግሞ ይህ ማሽን ፍሬውን የሚገፋው በታመቀ አየር ነው፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ የአየር ማፍሰሻዎቹ ይደፈናሉ። መብራቱ ከፍና ዝቅ ሲል ካሜራው ይሳሳታል፤ ስታቢላይዘርና አየር ማድረቂያ ያልተጨመረበት የግዢ ሒሳብ ሒሳብ አይባልም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያስፈልጉት ሴቶች ቁጥር ያንሳል፣ አዎ። የሚቀሩት ግን እጃቸው የታወቀ፣ በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸውና ጊዜ የሚሰጣቸው መሆን አለባቸው፤ በጆንያ ብዛት ሲከፈል ዓይን ይቸኩላል።

ጆንያን በተመለከተ «ከገበያ ያገኙትን ርካሽ ጆንያ ይግዙ» የሚለው ምክር ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ያስከተለውንም አገራችን አንድ ጊዜ ከፍላበታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ገበሬው ቡናው ላይ መድኃኒት አይረጭም፤ ነገሩ ሲመረመር ጣቱ ወደ ጆንያው ጠቆመ። ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው ጃፓን የምትወስደው ቡና ወዲያው አሽቆለቆለ፤ እምነቱን ለመመለስም ረጅም ጊዜ ወሰደ። አሁን ሒሳቡን እንይ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ቡና። በአንድ ጆንያ 20 ብር ቢቆጠብ በኮንቴይነር 6,400 ብር ነው። ቡናው በኪሎ 5 ዶላር ቢሸጥ ኮንቴይነሩ 96,000 ዶላር ነው። ስድስት ሺህ ብር ለማትረፍ ዘጠና ስድስት ሺህ ዶላር ይያዛል ወይ? ጆንያ ሲገዛ በአትክልት ዘይት የተሠራና ለምግብ የሚሆን መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መጠየቅ ነው። ማዳበሪያ፣ ኬሚካል ወይም ናፍጣ በተጫነበት መኪና ላይም ቡና አይጫንም፤ የመኪናው ወለል ይሸተታል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው የሚጫነው።

ከጆንያው ጋር የሚሄድ ሌላ «ቁጠባ» አለ፤ ጽሑፉ በይፋ ባይለውም «ከመጠን በላይ ማድረቅ ክብደት ያሳጣል» ብሎ ይጠቁመዋል። በ11.5 በመቶ እርጥበት 19,200 ኪሎ የሚመዝን ቡና በ13 በመቶ ቢጫን 19,500 ኪሎ ያልፋል፤ ከ300 ኪሎ በላይ ውሃ ተሸጠ ማለት ነው። ያ ውሃ ግን በመንገድ አይቀመጥም። ከጅቡቲ ሙቀት ተነሥቶ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ከኮንቴይነሩ ጣራ ላይ ተጠራቅሞ እንደ ዝናብ በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። መርከቦች በቀይ ባሕር አደጋ ምክንያት ደቡብ አፍሪካን ዞረው ሲሄዱ ጉዞው በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም ጉዳቱ ይብሳል። በአውሮፓ የቡና ውል ላይ የሚታለፈው የክብደት ጉድለት ግማሽ በመቶ ነው፤ ከ19,200 ኪሎ 96 ኪሎ። ከዚያ በላይ የጎደለውን ላኪው ይከፍላል፤ የሻገተውን ደግሞ ገዢው አይረከብም። ኮንቴይነሩን በወፍራም ወረቀት መሸፈንና እርጥበት የሚመጥ ከረጢት መስቀል ያስፈልጋል። ይህም የሚሠራው ቡናው በ11.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከገባ ነው።

ስለ ማጓጓዣ ጽሑፉ ከተናገረው ውስጥ አንዱን እንቀበላለን፤ ገለባ እየጫኑ 350 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መሄድ ገንዘብ ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው፤ እዚሁ ጅማ ተፈልፍሎ መሄዱ ተገቢ ነው። የታጠበው ቡና ግን ከዚህ ይለያል። 100 ኩንታል ከነስስ ገለባው ሲፈለፈል 80 ኩንታል ይሆናል፤ 20 ኩንታል ጭነት ይቀራል ብሎ ቀድሞ መፈልፈል ያማልላል። ስሱ ገለባ ግን የቡናው ልብስ ነው። ያለሱ ወራት የቆየ ቡና ይነጣል፣ ጣዕሙም ይደክማል። ስለዚህ የመርከብ ቀን ከተቆረጠ፣ ከተፈለፈለበት እስከሚጫንበት ሁለትና ሦስት ሳምንት ከሆነ ጅማ ላይ ይፈልፈል፤ ገዢው ገና ካልታወቀ ከነገለባው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋጋው። «ገበያ ለመግባት ከሌላው በታች መሸጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባናል። ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ላኪ ቡናን በኪሳራ ይሸጥ የነበረው ዶላሩን ፈልጎ ነው፤ ጉድለቱን ከውጭ በሚያስገባው ዕቃ ላይ ይመልሰው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ጠበበ፤ ያ መንገድ አብሮ ጠበበ። የሽያጭ ውል ደግሞ በቡናና ሻይ ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ዋጋውም ይታያል።

ለማንኛውም ቁጥሩን ላኪ ሁሉ በቃሉ ሊይዘው ይገባል። የዓለም ቡና ዋጋ የሚጠቀስበት የኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ የሚነገረው በኪሎ ሳይሆን በፓውንድ ክብደት ነው። 19,200 ኪሎ 42,328 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ በፓውንድ አንዲት ሳንቲም መቀነስ በኮንቴይነር 423 ዶላር ነው። «ለመግባት ያህል» አሥር ሳንቲም መቀነስ ከ4,200 ዶላር በላይ ነው። በአልጋ፣ በጆንያና በለቃሚ ላይ ተቆንጥሮ የተሰበሰበው ሁሉ በዚህች አንድ መስመር ይሄዳል። በአንጻሩ ጥራቱ በፓውንድ 20 ሳንቲም ጭማሪ ካስገኘ ከ8,400 ዶላር በላይ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ ስንት አልጋ ይሠራል!

ከዝቅተኛው ዋጋ ይልቅ ድርጅት የሚዘጋው ባልያዙት ቡና ነው። የኒው ዮርክ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2019 በፓውንድ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከ4 ዶላር አለፈ። በቁርጥ ዋጋ ቀድሞ የሸጠና እሸቱን በኋላ የሚገዛ ሰው በእንዲህ ያለ ዓመት ወይ ውሉን ያፈርሳል ወይ ቤቱን ይሸጣል። አነስተኛ ድርጅት ሊያደርግ የሚችለው የሚከተለው ነው፤ ከገዢው ጋር በልዩነት መዋዋል፣ ማለትም «ከኒው ዮርክ ዋጋ ይህን ያህል ሲደመር ወይም ሲቀነስ» ብሎ ተስማምቶ፣ እሸቱ በተገዛበት ቀን ያንኑ ያህል መጠን ዋጋውን ማስቆረጥ። የተገዛና የተሸጠው መጠን በየማታው ጎን ለጎን ይጻፍ። ልዩነቱ ከአንድ ኮንቴይነር ከበለጠ በነጋታው ግዢ ወይም ሽያጭ ይቁም።

ጸሐፊው አንድም ቦታ ያልጠቀሱት ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። አንድ ኮንቴይነር ቡና 10 ሚሊዮን ብር ቢይዝና የባንኩ ወለድ በዓመት 16 በመቶ ቢሆን፣ ቡናው መጋዘን ባደረበት በእያንዳንዱ ቀን 4,383 ብር ይሄዳል። በወር 133,000 ብር ያልፋል። በጆንያ የተቆጠበው 6,400 ብር የሁለት ቀን ወለድ እንኳ አይሞላም። ቀኑ የሚባክነው ደግሞ በታወቁ ቦታዎች ነው፤ ናሙና ዘግይቶ ይላካል፣ የገዢው መልስ አይከታተልም፣ ባዶ ኮንቴይነር ሳይያዝ ቡናው ይዘጋጃል፣ ሰነድ ላይ የገዢው ስም በአንድ ፊደል ይሳሳታል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ደረሰኙ፣ የጭነት ሰነዱ፣ የጥራትና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቶቹ፣ የትውልድ አገር ምስክሩ፣ በሁሉም ላይ ስሙ፣ የጆንያው ብዛትና ክብደቱ አንድ ካልሆነ ባንኩ ይመልሰዋል፤ አንድ ሳምንት በቀላሉ ይጠፋል፣ ጅቡቲ ላይም ኪራይ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሰነዶቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መስመር በመስመር የሚያነብበት ግማሽ ቀን በጅማ ካለ ከማንኛውም የወጪ ቅነሳ ይበልጣል።

«ውጭ ቅርንጫፍ ክፈቱ፣ ቆልታችሁ ላኩ» ለሚለው ብዙ አንልም። ቡና ሲቆላ ከ15 በመቶ በላይ ክብደቱ ይጠፋል፣ መዓዛውም በሳምንታት ይደክማል፤ ትልልቆቹ ቆዪዎች ደግሞ የብዙ አገር ቡና ነው የሚቀይጡት። ገዢ በአካል የተያዘበት ትንሽ ገበያ ካለ ይሞከር። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሡት የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ የታሰበው ለአልባሳት ሥራ ነበር፤ የአልባሳት ስሌት ርካሽ ጉልበትና ቀረጥ የሌለበት የአሜሪካ ገበያ ነው። ያ ዕድል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። በአንድ በር ላይ የቆመ መስፋፋት በሩ ሲዘጋ የሚሄድበት የለውም። ቡና ቢያንስ አውሮፓ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጃፓን፣ አሜሪካ ይሄዳል።

ስምም አንድ ሀብት ነው። መንግሥት ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ሲያስመዘግብ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተቋጭቷል፤ የጅማ ስም ከእነዚያ ውስጥ የለም። ሊሙ፣ ጌራ፣ ጎማ የሚሉትን ስሞች ከነጣቢያቸው ጆንያው ላይ መጻፍ ዛሬ ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 መሠረት ላኪው ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ ተሳስሮ ምንጩ የታወቀ ቡና መላክ ተፈቅዷል፤ ቡናው ሁሉ በምርት ገበያው መጋዘን ተቀላቅሎ ስሙን ያጣ የነበረበት ዘመን አልፏል።

የማሳ ምዝገባውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ምዝገባውን የሚጠይቀው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ አፈጻጸሙ ቢራዘምም አልተሰረዘም፤ የሚጠይቀውም ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ካልተተከለበት ማሳ መምጣቱን ነው። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ በስድስት የአሥርዮሽ ቤት የተጻፈ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ዙሪያው ይሳላል። የጅማ ገበሬ አብዛኛው ከ4 ሄክታር በታች ነው፤ ስለዚህ ሥራው በአንድ ስልክና በአንድ እግረኛ ወጣት ይሠራል። የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ነጥቡ ማሳው ላይ ሳይሆን ቤቱ ደጃፍ ላይ ይወሰዳል፤ የአንዱ ገበሬ ስም በሁለት አጻጻፍ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ከተመዘገበው ማሳ ሊወጣ ከሚችለው በላይ እሸት በስሙ ይገባል። ለሦስተኛው ቀላል መቆጣጠሪያ አለ። የማሳው ስፋት ከጎኑ ይጻፍና፣ ከአካባቢው የተለመደ ምርት አንጻር ሲታይ የበዛ እሸት ያመጣ ሰው ሲኖር እሸቱ ለብቻው ተዘርግቶ ምንጩ እስኪታወቅ ይቆይ።

ይህ የሚሠራው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለቀማ የለም፣ ገበሬው ቤቱ ነው፣ ጣቢያውም ባዶ ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ ሚዛኑ ላይ የቆመ ሰው በፍሬ የተሞላ ከረጢት ከተሰለፈለት ወዲያ ስልክ አውጥቶ ነጥብ አይወስድም።